ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ የሄደችው ልጄ የት ናት?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ሴት ነበረች። ጊዜዋ ሳይደርስ ነው የመጣችው፤ ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ ማሞቂያ ክፍል ነበረች። 19 ቀን ኖራ አረፈች።

በ17ኛው ቀን እናቴ «ቄስ እንጥራና ክርስትና ትነሳ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሐኪሞቹ ትንሽ እየተሻላት ነው ብለውኝ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቄስ መጥራት ትሞታለች ብሎ መፈረም መሰለኝ። «ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ በወጉ፣ በነጭ ቀሚስ ትነሳለች» ብዬ እናቴን ተቆጣኋት። በሁለተኛው ቀን ልጄ ሄደች።

ፍትሐት አልተደረገላትም። ለቅሶ ላይ አንዲት የሰፈራችን ሴት «ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ብርሃን አታይም» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እናቴም በንዴት «ብዬሽ ነበር» አለችኝ። አንዴ ብቻ ነው ያለችው፤ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። ጨለማ ውስጥ ስታለቅስ ነው የማያት።

ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደገው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለ ወደ ፕሮቴስታንት ሄዶ እንደገና ተጠምቋል። የተጋባነው በማዘጋጃ ነው። «የሚያድነው እምነት ነው፤ ጥምቀት ምልክት ብቻ ነው። ሕፃን ደግሞ ምን ኃጢአት አላት? አታልቅሺ» ይለኛል። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ያመንኩበትን ሁሉ ባዶ ያደረገብኝ ይመስለኛል።

አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እኔ ልክ እንደተወለደ በዚያው ሳምንት ይጠመቅ እላለሁ። እሱ አድጎ ራሱ ይምረጥ ይላል። ልጄ በእኔ እልህ ምክንያት መንግሥተ ሰማያት ተዘግቶባታል? የሚመጣውንስ ልጅ ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣችው እናት

* * *

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ቄስ መጥራት ትሞታለች ብሎ መፈረም መሰለኝ» ያልሽው ጋ። ወደ ጥምቀቱ ከመሄዳችን በፊት እዚያ ትንሽ እንቆይ።

አንቺ እልህ ብለሽዋል። እኔ ግን ሳነበው እልህ አላየሁም። ያየሁት የመጀመሪያ ልጇን በመስታወት የምታይ፣ «ትንሽ ይሻላታል» በሚል አንድ ቃል ተንጠልጥላ የምታድር አራስ ነው። ልጅሽን ክርስትና ልትነፍጊያት አላሰብሽም። ቀኑን እየቆጠርሽላት ነበር። ቀሚሱን ሳይቀር አስበሽበታል። እምቢ ያልሽው ጥምቀቷን አይደለም፣ ሞቷን ነው። እነዚህ ሁለቱ ሐዘን ውስጥ ሆነው ሲያዩዋቸው ይቀላቀላሉ። አንቺም አቀላቅለሻቸዋል፤ ማንም እናት ታቀላቅላለች።

እኔ ቄስ አይደለሁም። የሰው ችግር እያዳመጥኩ ዓመታት ያሳለፍኩ አማካሪ ነኝ፤ በእምነቴም ኦርቶዶክስ ነኝ። የምጽፍልሽን ለንስሐ አባትሽ ወስደሽ ጠይቂበት። ሁሉም መምህር እንደ እኔ እንደማይነግርሽም ከወዲሁ እወቂው።

ጥምቀት ለመዳን የግድ ነው ወይ? ቤተ ክርስቲያናችን አዎ ትላለች። ይህን ላለዝብልሽ አልፈልግም፣ ባለዝበውም አታምኚኝም። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ብሎታል። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት»፣ ማለትም ለኃጢአት ስርየት በሆነች በአንዲት ጥምቀት እናምናለን፣ እንላለን። ምሥጢረ ጥምቀት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ከእምነታችን ምሰሶዎች፣ አንዱ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ «ምልክት ብቻ ነው» ሲልሽ ልብሽ እምቢ ማለቱ አይገርመኝም። ላንቺ ምልክት ብቻ አይደለማ።

ግን ቃሉ የተነገረው ለማን እንደሆነ እስቲ እንይ። ኒቆዲሞስ በሌሊት በእግሩ መጥቶ የጠየቀ ትልቅ ሰው ነው። ሰምቶ እሺ ወይም እምቢ ማለት ይችላል። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ያለውንም እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል፥ ያላመነ ግን ይፈረድበታል» ነው የሚለው። በሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ «ያልተጠመቀ» የሚል የለም። እኔ እንደሚገባኝ «የግድ ነው» የሚለው ቃል ውኃው ፊት ቆሞ፣ መግባት እየቻለ ለሚያመነታ ሰው ትእዛዝ ነው። በማሞቂያ ክፍል ተኝታ የ19 ቀን ዕድሜ የኖረች ልጅ ላይ የተላለፈ ፍርድ አድርጎ የሚያነበው ሰው ግን ቃሉ ያላለውን እየጨመረ ነው። እኛ በውኃው ታስረናል፤ እግዚአብሔር ግን አልታሰረም።

ስለ ቀኑም ላስታውስሽ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ የእናት የመንጻት ቀን ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል። ክርስትና ማስነሳት ልጅን ወደ ገነት መመለስ ነው የሚባለው ከዚህ ነው። ይህቺው ቤተ ክርስቲያን ነች ሴት ልጅ 79 ቀን ሳትጠመቅ እንድትቆይ የሠራችው። በእነዚህ ቀናት የሚሞት ሕፃን ሁሉ ያለ ጥርጥር ይጠፋል ብላ ብታምን ኖሮ አንድ ቀንስ ታሳድር ነበር? በርግጥ ሌላም ነገር አለ፤ ልጁ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለበት ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ ትፈቅዳለች። እናትሽ ያሰበችው ይህን ነው፤ ትክክልም ነበረች። ነገሩን ቤተ ክርስቲያን በቀላሉ እንደማታየው ያሳያል። ግን ትክክለኛ ምክር አለመቀበል አንድ ነገር ነው፣ ልጅን ከእግዚአብሔር እጅ መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ማድረግ የሚችል ሰው የለም። አንቺም አትችዪም።

በውኃ ሳይጠመቁ የሄዱ አሉ፣ ታውቂያቸዋለሽ። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ፣ እኛ ፈያታዊ ዘየማን የምንለው፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል። አንዳንድ መምህራን «እሱ የሞተው የጥምቀት ትእዛዝ ሳይወጣ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ያስኬዳል። እሺ፣ ወንበዴውን እንተወው። ለእኔ ከእሱ ይልቅ የሚቀርቡሽ የቤተልሔም ሕፃናት ናቸው። ሄሮድስ ያስገደላቸው። በየዓመቱ ጥር 3 ይታሰባሉ፤ በእኛ ትውፊት ቁጥራቸው 144,000 ነው። አንዳቸውም አልተጠመቁም። አንዳቸውም «አምናለሁ» አላሉም። ደማቸው ጥምቀት ሆነላቸው ይባላል። የአንቺ ልጅ በሰይፍ አልሞተችም፣ እሱ ልክ ነው፤ አንድ ናቸው እያልኩሽ አይደለም። ግን አፍ ያልፈታ፣ ውኃ ያልነካ ሕፃን ወደ እግዚአብሔር የሚገባበት መንገድ እንዳለ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥር ላይ ቆማ ትመሰክራለች።

ንጉሥ ዳዊትም አለ። ከቤርሳቤህ የወለደው ልጅ ታመመበት። ጾመ፣ መሬት ላይ ተኛ፣ አለቀሰ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። ዳዊት ተነሥቶ ታጠበ፣ እንጀራም በላ። አገልጋዮቹ ግራ ሲገባቸው «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አላቸው። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቂ ብታነቢው ደስ ይለኛል።

የጥንት አባቶችስ? አልተስማሙም። በምዕራቡ ዓለም አውግስጢኖስ የአዳም በደል በሕፃናትም ላይ አለና ሳይጠመቁ የሞቱ ከቅጣት አያመልጡም ብሏል፤ እጅግ የቀለለ ቅጣት ነው ቢልም። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ ስለ ጥምቀት ባስተማረው ትምህርት እንዲህ ያሉት ክብርም ቅጣትም አያገኛቸውም፣ ማኅተሙ፣ ማለትም ጥምቀቱ፣ ባይኖራቸውም ክፉ አልሠሩምና ብሏል። ካቶሊኮች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት ኖረው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የነገረ መለኮት ኮሚሽናቸው ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ሲል ጽፏል። አየሽ፣ እነዚህ ሁሉ በዘመናት ያልጨረሱትን ነገር የሰፈራችሁ ሴትዮ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቡና ሳትጨርስ ጨረሰችው። እሷን ተያት።

ፍትሐቱ እንደጎዳሽ ይገባኛል። ፍትሐት ለተጠመቁ ምእመናን የተሠራ ጸሎት ነው፤ ያለመደረጉ ምክንያት ሥርዓት ነው። ስለ ልጅሽ መጨረሻ የተጻፈ ደብዳቤ አድርገሽ አትያዢው። የሚያሳዝነው፣ ያን ቀን ይህን በለሰለሰ ቃል የሚያስረዳሽ ሰው አለማግኘትሽ ነው።

አያቴ ስድስት ነው የወለደችው። «ስንት ወለዱ?» ሲሏት ግን አምስት ነበር የምትለው። ስድስተኛው ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ወንድ ልጅ እንደነበር ያወቅነው በመጨረሻዋ ዓመት ነው፣ ታማ ተኝታ ስሙን ስትጠራ። ስም አውጥታለት ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገረችም። ይህን የምነግርሽ ላስለቅስሽ አይደለም። አንቺ በአንድ ዓመትሽ ብዕር አንስተሽ ጻፍሽ፣ እሷ ስልሳ ዓመት ዋጠችው። አንቺ መናገር ጀምረሻል፤ አታቁሚ።

ለማን ትንገሪ? መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ። ስትሄጂ ግን ሁለቱን ጥያቄ አትቀላቅያቸው። አንዱ «ልጄ የት ናት?» ነው፣ ሌላው «ለሚወለደው ምን ላድርግ?» ነው። አብረሽ ካነሳሻቸው መልሱ ወዲያው ስለ ሥርዓት ይሆንና የመጀመሪያው ሳይነካ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ልጅሽ ብቻ አውሪ። ቄስ ጥሪ ተብለሽ እምቢ ማለትሽንም እንዳለ ንገሪያቸው፣ ሸክሙ እዚያ ነውና። በስሟ ምጽዋት መስጠት፣ ለእሷ መጸለይ ትችዪ እንደሆነም ጠይቂ። የመለሱልሽ መልስ እንደ ሴትዮዋ ከሆነ ደግሞ፣ ሌላ የበሰሉ አባት ፈልጊ። ይህ ድፍረት አይደለም። ለሥጋ ሕመም ሁለተኛ ሐኪም እናያለን አይደል?

ከዚያ እናትሽ። «ብዬሽ ነበር» ያለችው እኮ የልጅ ልጇን ያጣች ሴት ናት። ያንን ቃል ከተናገረችበት ቀን ጀምሮ እሷም ስትጸጸት ኖራ ይሆናል፤ አንዴ ብቻ ብላ ማቆሟ ራሱ ይህን ያስገምተኛል። አንድ ቀን ቡና አፍልታችሁ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «እማዬ፣ ያን ቀን ልክ ነበርሽ፤ እኔ ግን ፈርቼ ነው» በያት። ሌላ አትጨምሪ። ምን እንደምትልሽ እይ።

ባለቤትሽ ላይ ትንሽ ልዘገይ። በደብዳቤሽ እሱ ሲያጽናናሽ እንጂ ሲያለቅስ አላየሁትም። አልቅሶ ያውቃል? «አታልቅሺ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ እንዳይጀምር የሚፈራ ሰው ነው። እሱም ልጁን ቀብሯል። ደግሞ ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ስለ እሷ እናንተ ሁለታችሁ አልተጣላችሁም። እሱ ከእግዚአብሔር ጋር ናት ይላል፤ አንቺም የምትለምኚው ይኸንኑ ነው። በምክንያቱ ነው የተለያያችሁት። እሱ ውኃው አያስፈልግም ነበር ብሎ ያጽናናሻል፤ አንቺ ውኃውን ሳትንቂ መጽናናት ትፈልጊያለሽ። እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ «የምልህን ስህተት ነው ሳትለኝ፣ ዝም ብለህ አቅፈኝ።» የፕሮቴስታንት መከራከሪያ ከፈለገ ደግሞ የፕሮቴስታንትን እንቅስቃሴ የጀመረውን ማርቲን ሉተርን ጥቀሺለት። ሉተር ሕፃናትን ያጠምቅ ነበር። በ1542 እ.ኤ.አ. ልጆቻቸው ሳይጠመቁ ለሞቱባቸው እናቶች አጭር የማጽናኛ ጽሑፍ ጽፏል። የእናት የልብ ምኞትና ሲቃ በእግዚአብሔር ፊት ጸሎት ነው የሚል ነው ዋናው ሐሳቡ። ያ ነጭ ቀሚስ ትዝ አለኝ ይህን ሳነብ።

የሚወለደውን በተመለከተ ግን ትክክለኛ ልዩነት አላችሁ፤ ይህን በምክር ቃል ማቅለጥ አልችልም። እንደ ባለቤትሽ ቤተ ክርስቲያን አምኖ ለመጣ ሰው ብቻ የሚያጠምቁ አሉ፤ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ እንዲህ ናቸው። መካነ ኢየሱስ ደግሞ ፕሮቴስታንት ሆና ሕፃናትን ታጠምቃለች። ስለዚህ «ፕሮቴስታንት ነኝ» ማለቱ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። በሌላ በኩል አንቺም «ልጁ የእኔ ነው» ብለሽ ተደብቀሽ ብታስነሺው የምታስታውሺው ቀን የደስታ ቀን አይሆንም። ተደብቆ የተነሳ ክርስትና ብዙ ቤት ውስጥ የዓመታት ጠብ ሲሆን አይቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። «በዚያው ሳምንት ይጠመቅ» የምትዪው ለሚወለደው ልጅ ነው ወይስ ለሄደችው? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ፣ ለራስሽ መልሺው። ልጁ በጊዜው ተወልዶ ጤነኛ ከሆነ ሥርዓቱ ቀኑን ይጠብቃል። 40 ወይም 80 ቀን ሳትፈሪ እንድታቅፊው እፈልጋለሁ። የመጀመሪያዋን በመስታወት ነው ያየሻት፤ ይህኛውን በሰዓት እየቆጠርሽ እንድታሳድጊው አልፈልግም።

ለክፉ ቀን ግን አሁኑኑ፣ ሆድሽ ገና አምስት ወር ሳለ፣ ተስማሙ። የምትነጋገሩት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ መሆን የለበትም። ባለቤትሽን እንዲህ በይው፤ «ልጁ ታሞ ሐኪሞች ያሰጋል ቢሉን ቄስ እንዲጠራ ፍቀድልኝ። አንተ ምልክት ብቻ ነው ካልክ ምልክቱ አንተን አይጎዳህም፤ ለእኔ ግን ሕይወቴ ነው።» ይህን እምቢ የሚል ባል አለ ብዬ ማመን ይከብደኛል፤ ካለ ግን ክርክራችሁ የሃይማኖት ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ ሁለታችሁም ተያይዛችሁ አማካሪ ዘንድ ብትሄዱ ይሻላል። እሺ ካለሽ ማን ይደውላል፣ የትኛው ቄስ ይጠራል፣ ክርስትና እናት ወይም አባት ማን ይሆናል የሚለውን በወረቀት አስፍሩት። ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚጠመቅም ንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ሐኪሙም ቄሱም ሳይጋጩ ልጁን በማይጎዳ መንገድ እንዲሆን። ጤነኛ ከሆነ በ40 ወይስ በ80፣ ወይስ አድጎ የሚለውን ግን ለመወሰን ገና አራት ወር አላችሁ። ለጊዜው ከፋፍላችሁ ያዙት።

የክትትልሽን ነገር እንዳትዘነጊ። አንዴ ያለጊዜው የወለደች ሴት እንደገና ያለጊዜው የመውለድ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል። ይህን ለምትከታተዪበት ሐኪም በደንብ ተናግረሽዋል? የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሆስፒታል መውለድ ትችዪ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቂ። ሌሊት መንቃትሽንም ንገሪያቸው። ለወራት የቆየ እንቅልፍ ማጣትና ራስን መውቀስ ነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ዝም የሚባል አይደለም፤ ጸሎትም የሥነ ልቦና ሕክምናም አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሙሉ ደብዳቤሽን ጽፈሽ የልጅሽን ስም አልነገርሽኝም። ክርስትና ስም ባይኖራት የቤት ስም ነበራት፣ አይደል? በመስታወቱ በኩል ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪያት? ዓምዱ ላይ አላወጣውም። ደስ ካለሽ ብቻ ጻፊልኝ።